ቶማስ ገርቲን

ቶማስ ገርቲን (ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1775 – ኖቬምበር 9 ቀን 1802 እ.ኤ.አ.) በሮማንቲክ ዘመን መጀመሪያ የኖረ እንግሊዛዊ የውሃ ቀለም ሠዓሊ ሲሆን በመልክዓ ምድር ሥዕሎቹ ይታወቃል። የሞተው በ27 ዓመቱ ነው። በራሱ ስም ሥዕል ለሕዝብ ያቀረበበት ጊዜ ከስምንት ዓመት ብዙም አይበልጥም። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ግን እንግሊዝ ውስጥ የውሃ ቀለም የነበረው ቦታ ተለወጠ። ቀድሞ የንድፍ ማድመቂያ ብቻ የነበረው ቀለም ራሱን የቻለ የሥዕል ዓይነት ሆነ። ለውጡን ገርቲን ብቻውን አላመጣውም፤ ከጓደኛውና ከተፎካካሪው ከጆሴፍ ማሎርድ ዊልያም ተርነር ጋር ግን ዋናው ባለድርሻ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና ልምምድ

ገርቲን የተወለደው ከቴምዝ ወንዝ በስተ ደቡብ ባለው የለንደን ሰፈር በሳውዝዋርክ ነው። አባቱ ብሩሽ ሠሪ ነበር። የቤተሰቡ የዘር ሐረግ በሃይማኖት ምክንያት ከፈረንሳይ ከተሰደዱት ፕሮቴስታንቶች፣ ማለትም ከሁጉኖዎች፣ ይመዘዛል። ቶማስ ገና ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተና እናቱ ሌላ ባል አገባች።

በ1789፣ በ14 ዓመቱ፣ ኤድዋርድ ዴይስ ለተባለ ሠዓሊ ተለማማጅ ሆኖ ገባ። ውሉ የሰባት ዓመት ነበር። በኋላ ዘመን ጌታውና ተለማማጁ ተጣልተው ዴይስ ልጁን አሳሰረው የሚል ታሪክ ተሰራጭቷል፤ ለዚህ የሚቀርብ አስተማማኝ ማስረጃ ግን የለም። ሁለቱ እንዳልተዋደዱ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። ዴይስ ከሞተ በኋላ በ1805 በታተመው ጽሑፉ ውስጥ የገርቲንን ችሎታ ካመነ በኋላ ጤናውን በአኗኗሩ እንዳበላሸ አድርጎ ይወቅሰዋል። ገርቲን ሰካራምና አባካኝ ነበር የሚለው ወሬ እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ የዘለቀው በከፊል በዚህ ጽሑፍ ምክንያት ነው። በስምንት ዓመት ውስጥ ከሠራው ሥራ ብዛት አንጻር ወሬውን ማመን ይከብዳል።

ገርቲን በዴይስ ዘንድ የተማረው የቦታ ሥዕል ሙያ ነበር። ካሜራ ባልነበረበት በዚያ ዘመን አንድ ፍርስራሽ ገዳም፣ ቤተ መንግሥት ወይም ድልድይ ምን እንደሚመስል ማወቅ ለሚፈልግ ሰው ያለው መንገድ ሠዓሊ መላክ ነበር። ሠዓሊው ቦታውን በትክክል ይነድፋል፣ ንድፉም በመዳብ ሰሌዳ ተቀርጾ ይታተማል። ተጓዦችም ሠዓሊ ይዘው ይሄዱ ነበር። ለእኛ አገር ታሪክ የሚቀርበው ምሳሌ ሄንሪ ሶልት ነው። ለንደን ውስጥ ሥዕል ተምሮ፣ ሎርድ ቫለንሺያ ለተባለ ባላባት ጸሐፊና ሠዓሊ ሆኖ በ1802 ከእንግሊዝ ወጣ። በ1805 ትግራይ ገብቶ ከራስ ወልደ ሥላሴ ጋር ተገናኘ፤ አክሱምንም ጎበኘ። በ1809 ካሳተማቸው የጉዞ ሥዕሎች መካከል የአክሱም ሐውልት ይገኝበታል። ገርቲን ሙያውን የጀመረው ከዚሁ ባህል ነው። በ1790ዎቹ መጀመሪያ ጄምስ ሙር የተባለ የጥንታዊ ቅርስ አፍቃሪ በጉዞ ላይ የነደፋቸውን ሸካራ ንድፎች ወስዶ የተስተካከለ የውሃ ቀለም ሥዕል ያደርግለት ነበር።

በዶክተር መንሮ ቤት

ገርቲንና ተርነር የተዋወቁት ገና ልጆች ሳሉ ነው። ሁለቱም በ1775 ለንደን ውስጥ የተወለዱ፣ ሁለቱም የእጅ ሥራ ካለው ቤተሰብ የወጡ ናቸው፤ የተርነር አባት ፀጉር አስተካካይ ነበር። ከ1794 ገደማ ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል ምሽት ምሽት በዶክተር ቶማስ መንሮ ቤት አብረው ሠሩ። መንሮ ቤትለም በተባለው የለንደን የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሐኪም ሲሆን ሥዕል ሰብሳቢም ነበር።

ሠዓሊው ጆሴፍ ፋሪንግተን በ1798 በማስታወሻው ላይ ያሰፈረው ዝርዝር ለዚህ ጊዜ ዋናው ምንጭ ነው። ሁለቱ ወጣቶች እንደነገሩት ከሆነ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገብተው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ይቆያሉ። ገርቲን ንድፉን ይነድፋል፣ ተርነር ብርሃንና ጥላውን በቀለም ይሞላል። ተርነር ለአንድ ምሽት 3 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ይከፈለው ነበር። ገርቲን የራሱን ክፍያ አልተናገረም።

ከሚገለብጧቸው ሥዕሎች ብዙዎቹ የጆን ሮበርት ኮዘንስ ናቸው። ኮዘንስ የአልፕስ ተራሮችንና ጣሊያንን በጥቂት ሰማያዊና ግራጫ ቀለም የሣለ ባለ ትልቅ ተሰጥኦ ሠዓሊ ነበር። በ1794 አእምሮው ታውኮ በመንሮ ሕክምና ሥር ገባ፤ በ1797ም ሞተ። ሁለቱ ወጣቶች ከእሱ የወሰዱት የቦታ ትክክለኛነትን ሳይሆን ስሜትን ነው። አንድ ተራራ ከዝርዝሩ ይልቅ በስፋቱና በጸጥታው ሊሣል እንደሚችል ያሳያቸው ኮዘንስ ነበር።

በመንሮ ቤት የተሠሩት ሥዕሎች ለብዙ ዘመን በተርነር ስም ብቻ ተመዝግበው ቆይተዋል። መንሮ በ1833 ሲሞት ስብስቡ በጨረታ ተሸጠ፤ ከገዢዎቹም አንዱ ራሱ ተርነር ነበር። የጥበብ ታሪክ ሊቃውንት ዛሬም በአንድ ወረቀት ላይ እርሳሱ የማን፣ ቀለሙ የማን እንደሆነ ይከራከራሉ።

ጉዞዎች

ገርቲን በሮያል አካዳሚ ዓመታዊ ትርኢት ላይ መጀመሪያ ሥዕል ያቀረበው በ1794 ነው። በዚያው ዓመት ከሙር ጋር በመካከለኛው እንግሊዝ ተዘዋውሮ የፒተርብራ፣ የሊንከንና የሊችፊልድ ካቴድራሎችን ሣለ።

የለወጠው ጉዞ ግን የ1796ቱ ነው። ያን ዓመት ወደ ሰሜን እንግሊዝና ወደ ስኮትላንድ ድንበር ሄደ። ዮርክን፣ ደርሃምን፣ የሊንዲስፋርን ገዳምን፣ ጄድብራን አየ። ከዚያ በፊት በሣላቸው ሥዕሎች ሕንፃው መሐል ላይ ይቆምና ሰማይና መሬት እንደ ክፈፍ ያገለግሉታል። ከሰሜኑ ጉዞ በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደመናው፣ ኮረብታው፣ የዝናቡ ጥላ ዋናው ጉዳይ ሆነ፤ ገዳሙ ወይም ድልድዩ ከመሬቱ እንደበቀለ ነገር ሆኖ ይታያል። በ1797 ወደ ደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በ1798 ወደ ሰሜን ዌልስ ተጓዘ። በዮርክሸር የሚገኘው የሄርዉድ ቤት ወራሽ ኤድዋርድ ላሴልስ ደጋፊው ስለነበር ወደዚያ ደጋግሞ ተመላልሷል። የወርፍ ወንዝና የከርክስታል ገዳም ሥዕሎቹ የዚህ አካባቢ ፍሬዎች ናቸው።

በሜይ 1799 ገርቲንና ጓደኞቹ ወንድማማቾች የሚል ስም ያለው የሥዕል ክበብ አቋቋሙ። አባላቱ በየተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰቡና ከግጥም የተወሰደ አንድ ርእስ ይሰጣቸዋል፤ ሁሉም በዚያው ምሽት ይሥላሉ፤ ሥዕሎቹ ለቤቱ ባለቤት ይቀራሉ። ዓላማቸው የመልክዓ ምድር ሥዕል ከቦታ መዝገብነት አልፎ እንደ ታሪክና እንደ ግጥም ሥዕል ክብር እንዲኖረው ማድረግ ነበር።

አሠራሩ

የውሃ ቀለም በደቃቁ የተፈጨ ቀለም በግራር ሙጫ ተለውሶ የሚሠራ ሲሆን በውሃ ተበጥብጦ ወረቀት ላይ ይቀባል። ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ወረቀት ያበራል። ስህተትን በላዩ ቀብቶ መሸፈን ግን እንደ ዘይት ቀለም ቀላል አይደለም።

ከገርቲን በፊት የነበረው የተለመደ አሠራር ደረጃ በደረጃ ነበር። ሠዓሊው መጀመሪያ በእርሳስ ወይም በብዕር ይነድፋል። ቀጥሎ ጥላውን ሁሉ በግራጫ ቀለም ይሞላል። በመጨረሻ ሣሩ ላይ ስስ አረንጓዴ፣ ሰማዩ ላይ ስስ ሰማያዊ ያፈስበታል። ውጤቱ ንጹሕና ትክክለኛ ነው፤ ነገር ግን ቀለሙ ከላይ የመጣ እንግዳ ነው፤ ቢነሣም ሥዕሉ ሥዕል ሆኖ ይቀራል።

ገርቲን ግራጫውን ደረጃ አስቀረው። ጡቡን ከመጀመሪያው በጡብ ቀለም፣ ጥላውንም በራሱ በነገሩ ጠቆር ያለ ቀለም መቀባት ጀመረ። ቀለሞቹ ጥቂትና ሞቅ ያሉ ናቸው፤ ቡናማ፣ ቢጫማ አፈር፣ ጥቁር ግራጫ፣ ወይን ጠጅ የሚመስል ሰማያዊ። ወረቀቱንም ለወጠ። ለስላሳውን ነጭ ወረቀት ትቶ ካርትሪጅ የሚባለውን ሻካራና ነጭነቱ ያልጠራ ወረቀት መረጠ። ይህ ወረቀት ቀለም ይመጣል፤ ስለዚህ ብሩሹ በፍጥነትና በድፍረት መሄድ አለበት። ሻካራነቱም ራሱ የድንጋይና የሣር ስሜት ይሰጣል። ብርሃን በሚያስፈልግበት ቦታ ነጭ ቀለም ከመቀባት ይልቅ ወረቀቱን ባዶ ይተወዋል።

ይህ ሁሉ የእጅ ብልሃት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ሥዕሉ የሚጀመርበትን ቦታ ለወጠው። የቀድሞው ሠዓሊ ከመስመር ይነሣል፤ ገርቲን ከብርሃንና ከጨለማ ስፋት ተነሣ።

ነጩ ቤት

በ1800 የሠራው የቼልሲው ነጩ ቤት በጣም የታወቀው ሥዕሉ ነው። ዛሬ ለንደን ውስጥ በቴት ሙዚየም ይገኛል። ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 30፣ ወርዱ 51 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ። የቴምዝ ወንዝ በምሽት ይታያል። ወንዙ ሰፊና የረጋ፣ ዳርቻው ዝቅተኛ፣ ሰማዩ ትልቅ ነው። የነፋስ ወፍጮ፣ በሩቅ ድልድይና የቤተ ክርስቲያን ማማ አሉ፤ ሁሉም ደብዝዘዋል። መሐሉ አካባቢ አንድ ትንሽ ቤት የመጨረሻውን ፀሐይ ተቀብሎ ያበራል፤ ነጸብራቁም ውሃው ላይ ይወርዳል።

ቤቱ ታሪካዊ አይደለም። ባለቤቱን ማንም አይጠይቅም። የቦታ ሥዕል ልማድ ቢሆን ኖሮ ትኩረት የሚያገኙት ድልድዩና ቤተ ክርስቲያኑ ነበሩ። ገርቲን ሥዕሉን በሙሉ ያሰረው ግን ባልተቀባ ወረቀት ላይ ነው፤ ነጩ ቤት ቀለም ያልነካው ቦታ ነው። አንድ የሥዕል ነጋዴ ለተርነር ከአንተ ሥራዎች ሁሉ የሚበልጥ ሥዕል በሠረገላዬ ይዣለሁ ሲለው፣ ተርነር ጥቂት አስቦ የገርቲን ነጩ ቤት መሆን አለበት ብሎ መለሰ የሚል ታሪክ አለ። ታሪኩ የተጻፈው ሁለቱም ካለፉ በኋላ ስለሆነ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት።

በዚያው ዓመት ገርቲን የለንደን ወርቅ አንጥረኛ ልጅ የሆነችውን ሜሪ አን ቦሬትን አገባ። ሙሽራዋ 16 ዓመቷ ነበር። በሃይድ ፓርክ አጠገብ፣ የውሃ ቀለም አባት እየተባለ ከሚጠራው ከአረጋዊው ፖል ሳንድቢ ጎን ቤት ያዙ።

ፓሪስና የለንደን ፓኖራማ

በ1801 ገርቲን የቦልተን ድልድይን በዘይት ቀለም ሥሎ በሮያል አካዳሚ አቀረበ። አካዳሚው ለዘይት ቀለም ቅድሚያ ይሰጥ ስለነበር አባልነት የፈለገ ሰው በዘይት መፈተን ነበረበት። አልተመረጠም፤ ሥዕሉም ዛሬ የለም።

ጤናው በዚህ ጊዜ ተዳክሞ ነበር። እንግሊዝና ፈረንሳይ ለጊዜው ጦርነት ሲያቆሙ፣ በኖቬምበር 1801 ነፍሰ ጡር ባለቤቱን ለንደን ትቶ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ እስከ ሜይ 1802 ቆየ። እዚያ የከተማዋን ድልድዮች፣ የሴን ወንዝ ዳርቻዎችና ጎዳናዎች ነደፈ። ሲመለስ ንድፎቹን ራሱ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀረጸ። 20 ሥዕሎች ያሉት ይህ ስብስብ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1803 በወንድሙ በጆን አማካኝነት ነው።

ከፓሪስ በፊት የጀመረው ሌላ ግዙፍ ሥራ በኦገስት 1802 ለሕዝብ ተከፈተ። ስሙን አይዶሜትሮፖሊስ አለው፤ የለንደን ፓኖራማ ነበር። ፓኖራማ ማለት ተመልካቹ መሐል ቆሞ ዙሪያውን የሚያየው ክብ ሥዕል ሲሆን ሐሳቡን በ1787 በፓተንት ያስመዘገበው ሮበርት ባርከር ነው። የገርቲን ሸራ ቁመቱ 18 ጫማ፣ ዙሪያው 108 ጫማ ነበር፤ ይህም በግምት 5.5 በ33 ሜትር ነው። ዕይታው የተወሰደው በብላክፍራየርስ ድልድይ ደቡብ ጫፍ አካባቢ ካለ የመስታወት ፋብሪካ ጣሪያ ነው። እዚያ ቆሞ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራልን፣ ወንዙንና የሳውዝዋርክን የጭስ ማውጫዎች ማየት ይቻል ነበር። የተወለደበት ሰፈር መሆኑ ነው።

ሸራው ጠፍቷል። የተረፉት ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት የዝግጅት ንድፎች ናቸው። ከእነሱ እንደሚታየው ገርቲን ከተማዋን በአንድ ዓይነት ብርሃን አልሣላትም፤ አንዱ ሰፈር ከደመና ጥላ ሥር ሲሆን ሌላው በፀሐይ ይታያል፤ ጭሱም ከሰማዩ ጋር ይቀላቀላል። አሁን በምናባዊ እውነታ መነጽር ዙሪያውን የሚያይ ሰው የሚያገኘውን ልምድ የ1802 ለንደናዊ የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ ያገኘው ነበር ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ይኸኛው በእጅ የተቀባ መሆኑ ነው።

ትርኢቱ ገና ክፍት ሳለ ገርቲን ኖቬምበር 9 ቀን 1802 በሥዕል ክፍሉ ውስጥ ሞተ። ምክንያቱ አስም ወይም የሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። የተቀበረው ለንደን ውስጥ በኮቨንት ጋርደን የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ተርነር በዚያው ዓመት በ26 ዓመቱ የሮያል አካዳሚ ሙሉ አባል ሆኖ ተመርጦ ነበር። ቶም በሕይወት ቢኖር እኔ እራብ ነበር ብሏል የሚባለውን ንግግር የተርነር የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ዋልተር ቶርንበሪ በ1860ዎቹ አስፍሮታል። በተደጋጋሚ የሚጠቀሰውም እሱ ነው። በትክክል እንዲህ ብሎ ይሁን አይሁን፣ ተርነር ጓደኛውን ዝቅ አድርጎ ሲናገር የሰማ አለመኖሩ ይበልጥ የሚታመን ምስክር ነው።

ተጽዕኖ

ገርቲን ትምህርት ቤት አልከፈተም፤ የተጻፈ ትምህርትም አልተወም። ሥራው የተላለፈው በሰብሳቢዎች ቤትና በጓደኞቹ በኩል ነው።

ሰር ጆርጅ ቦሞንት የተባለው ባለሀብት 30 ያህል የገርቲን ሥዕሎች ነበሩት። ገና ሙያውን በመማር ላይ የነበረውን ጆን ኮንስታብልን ስፋትንና እውነትን ከእነዚህ ተማር ብሎ መክሮታል። ኮንስታብል በኋላ በዘይት ቀለም የእንግሊዝን ሰማይና ማሳ የሣለ ታላቅ ሠዓሊ ሆነ። ጆን ሴል ኮትማን የወንድማማቾችን ክበብ በተተካው የሥዕል ማኅበር ውስጥ መሪ ሆነ፤ የገርቲንን ሰፊ የቀለም ገጽ ወስዶ ወደ ጠራ ቅርጽ አመራው። በ1805 በግሬታ ወንዝ የሠራቸው ሥዕሎች ያለ ገርቲን አይታሰቡም። ፒተር ዴ ዊንትም የገርቲንን ሥራ ያየው በመንሮ ቤት ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው መስመር ወደ ፈረንሳይ የሄደው ነው። የክበቡ አባል የነበረው ሉዊ ፍራንሲያ የካሌ ተወላጅ ሲሆን በኋላ ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። እዚያ ሪቻርድ ፓርክስ ቦኒንግተን ለተባለ እንግሊዛዊ ልጅ የውሃ ቀለም አስተማረ። ቦኒንግተን የተወለደው በኦክቶበር 1802፣ ገርቲን ከመሞቱ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ፓሪስ ሄዶ ከዠን ዴላክሯ ጋር በአንድ ስቱዲዮ ሠራ፤ እሱም ገና በ25 ዓመቱ ሞተ። ገርቲን ከፓሪስ ይዞ የመጣው ንድፍ ሲሆን ወደ ፓሪስ የሄደው ደግሞ አሠራሩ ነው።

ገርቲን በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ በኖቬምበር 1804፣ የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች ከሮያል አካዳሚ ተለይተው የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። በ1805 ያሳዩት የመጀመሪያ ትርኢት ወደ 12,000 ገደማ ተመልካች አገኘ።

የቀለሞቹ መልቀቅ

የገርቲንን ሥዕሎች የሚያይ ሰው ማወቅ ያለበት አንድ ችግር አለ። ለሰማይና ለደመና የተጠቀመበት ሰማያዊ በአብዛኛው ከተክል የሚገኘው ኢንዲጎ ነበር። ኢንዲጎ በውሃ ቀለም ስስ ሆኖ ሲቀባ ብርሃን ያጠፋዋል። ግራጫ ደመና ለመሥራት ኢንዲጎን ከቀይ አፈር ቀለም ጋር ይቀላቅል ስለነበር ሰማያዊው ሲጠፋ ቀዩ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ብዙ ሰማዮቹ ዛሬ ሮዝ ወይም ቡናማ ናቸው። ከክፈፉ ጠርዝ ሥር ተሸፍኖ የቆየው ጥቂት ሚሊ ሜትር ቦታ ሲገለጥ የመጀመሪያው ሰማያዊ እዚያ ይገኛል።

ቪክቶሪያዊው ዘመን ሥዕሎቹን ወርቃማ ናቸው እያለ ሲያደንቅ ከፊሉ የሚያደንቀው ጉዳቱን ነበር። በ1880ዎቹ ጉዳዩ ለንደን ውስጥ የጋዜጣ ክርክር ሆነ፤ በ1888ም ራስልና አብኒ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ብርሃን በውሃ ቀለም ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ለመንግሥት የጥናት ዘገባ አቀረቡ። ዘገባው ኢንዲጎን ከሚጠፉት ቀለሞች መካከል መደበው። ዛሬ ሙዚየሞች እንዲህ ዓይነት ሥዕሎችን በደካማ ብርሃን፣ በተለምዶ በ50 ሉክስ፣ ለተወሰኑ ወራት ብቻ ያሳያሉ፤ ከዚያ ወደ ሣጥን ይመልሷቸዋል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙት ምስሎችም ፎቶው የተነሣበት መብራትና የስክሪኑ ማስተካከያ ይጨመርባቸዋል፤ ስለዚህ ከምስል ተነሥቶ ገርቲን ሞቃት ሰማይ ይወድ ነበር ብሎ መደምደም አይገባም።

ጥቂት ሥዕሎች በአልበም ተዘግተው ስለኖሩ ቀለማቸው ደኅና ነው። ብዛት ያላቸው ስብስቦች በብሪቲሽ ሙዚየም፣ በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፣ በቴትና በአሜሪካ በሚገኘው የዬል የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ። በ2002፣ የሞተበት 200ኛ ዓመት ሲታሰብ፣ ቴት ብሪተን ሰፊ ትርኢት አዘጋጅቶለት ነበር። ጆን ኦፒ በ1800 ገደማ የሣለው የራሱ ምስል ለንደን ውስጥ በብሔራዊ የሰው ምስል ሙዚየም አለ። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን የፓኖራማ ንድፎች ማየት የሚፈልግ ሰው የሥዕልና የኅትመት ጥናት ክፍሉ ውስጥ ቀጠሮ ይይዛል።